ጄምስ ፓርኪንሰን፤ ያየው እና ሳያየው ያለፈው

በትምህርት ክፍላችን ስለ አንጎልና ጠባይ የሚሰጠውን ኮርስ የወሰደ ተማሪ ሁሉ የፓርኪንሰንን በሽታ ያውቃል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገተራል፣ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ያንሳል እየተባለ ለፈተና ይጠናል። ፓርኪንሰን የሚለው ስም ግን የሰው ስም ነው። ሰውየው ማን ነበር? ምን አይቶ ነው ስሙ ለበሽታ መጠሪያ የሆነው?

ጄምስ ፓርኪንሰን ስሙ ከበሽታ ጋር ብቻ ተጣብቆ የሚቀር ሰው አልነበረም። መድኃኒት ቀማሚ ነበር፣ ቀዶ ሐኪም ነበር፣ በብዕር ስም የሚጽፍ የፖለቲካ ተቃዋሚ ነበር፣ የቅሪተ አካል ሰብሳቢም ነበር። አንድ ጊዜማ ንጉሥ ለመግደል አሲረዋል በተባሉ ሰዎች ጉዳይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባሉበት ቀርቦ ተመርምሯል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ሰው ሕይወት ባጭሩ መተረክ ነው። ከዚያም በ1817 ካሳተማት ትንሽ መጽሐፍ ተነስቶ ዛሬ አንጎል ውስጥ ኤሌክትሪክ በመላክ እስከሚሰጠው ሕክምና ድረስ ያለውን መንገድ ይከተላል። በመጨረሻም ፓርኪንሰን በሽታው አይነካውም ያለው አንድ ነገር፣ ማለትም አእምሮ፣ በተለይም የመማር ችሎታ፣ በእርግጥ ሳይነካ ይቀራል ወይ የሚለውን ያነሳል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ለማሳሰብ እንወዳለን። መልካም ንባብ!

የሆክስተን ልጅ

ጄምስ ፓርኪንሰን ኤፕሪል 11 ቀን 1755 በለንደን፣ ሾርዲች በተባለው አካባቢ፣ ሆክስተን አደባባይ ቁጥር 1 ተወለደ። አባቱ ጆን ፓርኪንሰን መድኃኒት ቀማሚና ቀዶ ሐኪም ነበር። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር የሕክምና ሰዎች ደረጃ ደረጃ ነበራቸው። ከላይ ዩኒቨርሲቲ የተማሩትና ሀብታሙን የሚያክሙት ሐኪሞች አሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ቀዶ ሐኪሞች፣ ከሥር ደግሞ መድኃኒት ቀማሚዎች ይመጣሉ። ተራው ሰው ሲታመም የሚሮጠው ወደነዚህ ወደ ታችኞቹ ነው። የፓርኪንሰን ቤትም ከነዚህ አንዱ ነበር።

ልጁ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ሙያውን የተማረው በአባቱ ሥር ሆኖ እያየና እየሠራ ነው። በ1776 ለንደን ሆስፒታል ገብቶ ለስድስት ወር ያህል ቁስል እያጠበና እያሰረ ተለማመደ። በ1777 ከአባቱ ጋር ሆኖ ትንፋሹ ሊቋረጥ የደረሰ ሰው በማዳኑ ገና በ22 ዓመቱ ከሮያል ሂዩሜን ሶሳይቲ የብር ሜዳሊያ ተሸለመ። በ1783 ሜሪ ዴል የተባለች ወጣት አገባ። በቀጣዩ ዓመት በ1784 ደግሞ በቀዶ ሐኪምነት እንዲሠራ ፈቃድ አገኘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፓርኪንሰን ፈቃድ አገኘሁ፣ ከእንግዲህ በቃኝ አላለም። በ1785 የዘመኑ ታላቅ ቀዶ ሐኪም የነበረው ጆን ሀንተር የሚሰጠውን ተከታታይ ትምህርት ገብቶ አዳመጠ። አጭር ጽሕፈት ስለሚችል መምህሩ የሚናገረውን እየተከተለ ጻፈው። ይህን ማስታወሻ ልጁ ጆን ዊልያም በ1833፣ አባቱ ካረፈ በኋላ አሳትሞታል። ሀንተር ተማሪዎቹን የሚያስተምረው አስቀድመው በዓይናቸው እንዲያዩ፣ ከዚያ እንዲያወዳድሩ፣ መላ ምቱን ወደ ኋላ እንዲያቆዩ ነበር። ይህ ልማድ ከፓርኪንሰን ጋር እስከ መጨረሻው እንደቆየ ሥራዎቹ ይመሰክራሉ።

ሽማግሌው ሁበርት

በ1789 የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። ወሬው ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ሲደርስ ሕዝቡ ሁለት ቦታ ተከፈለ። መብትና ነፃነት የሚሉ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ መንግሥትም ደነገጠ። በዚያ ጊዜ በፓርላማ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ጥቂት ሰው ነው። ድሃው ግብር ይከፍላል እንጂ አይመርጥም። ሆክስተን ውስጥ በየቀኑ የድሃ ቤት እያንኳኳ የሚያክመው ፓርኪንሰን ይህን ዝም ብሎ ማየት አልቻለም። ለንደን ኮረስፖንዲንግ ሶሳይቲ የተባለው፣ የእጅ ባለሙያዎችና ሠራተኞች የሞሉበት ማኅበር አባል ሆነ። ሽማግሌው ሁበርት በሚል የብዕር ስም እየጻፈ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡ በራሪ ጽሑፎችን አወጣ። የሚጠይቀውም የምርጫ መብት ለሕዝቡ እንዲሰጥ፣ የድሃው ሸክም እንዲቀልለት ነው። ለውጥ ያለ ደም መፋሰስ ሊመጣ ይችላል የሚል እምነት ነበረው። በ1794 ያሳተመው አንዱ ጽሑፍ ርዕሱም ይህንኑ የሚናገር ነው።

በዚያው በ1794 መንግሥት የማኅበሩን መሪዎች ማሰር ጀመረ። ቀጥሎ ደግሞ ዛሬ ሲሰሙት የሚያስቅ፣ ያኔ ግን አንገት የሚያስቆርጥ ክስ መጣ። ጥቂት የማኅበሩ አባላት ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛን ቲያትር ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ በአየር ግፊት ከሚተኮስ ቱቦ በተመረዘ ፍላጻ ሊገድሉት አሲረዋል ተባለ። ጉዳዩ የፖፕጋን ሴራ ተብሎ ይታወቃል። ፓርኪንሰን ከተከሳሾቹ ጋር ስለሚተዋወቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒት ባሉበት በንጉሡ አማካሪዎች ጉባኤ ፊት ቀርቦ በመሐላ ተጠየቀ። የገዛ ቃሉ በራሱ ላይ ማስረጃ እንዳይሆንበት ማረጋገጫ ካላገኘ በስተቀር መልስ እንደማይሰጥ ተናገረ። ማረጋገጫውን ሲያገኝ የሽማግሌው ሁበርት ጽሑፎች የእሱ መሆናቸውን ሳይደብቅ አመነ። ጓደኞቹንም አሳልፎ አልሰጠም። ነገሩ ሲጓተት ቆይቶ በ1796 ተከሳሾቹ ነፃ ወጡ።

እንግዲህ ባለ ትዳርና የልጆች አባት የሆነ፣ እንጀራው በደንበኞቹ መልካም ፈቃድ ላይ የቆመ የሰፈር ሐኪም ይህን ያህል ደፈረ። ከዚህ በኋላ ግን ስለ ፖለቲካ መጻፉን ቀስ በቀስ ተወ። ዝም አለ ማለት አይደለም። ድሃውን በሌላ መንገድ መርዳት ቀጠለ።

የሰፈር ሐኪም

ከ1799 ጀምሮ ለተራው ሰው የሚሆኑ የሕክምና መጻሕፍት በተከታታይ አወጣ። አንዱ ቤተሰብ የትኛው ሕመም ሐኪም መጥራት እንደሚያስፈልገው፣ የትኛው ቤት ውስጥ ሊታከም እንደሚችል ይመክራል። ሌላው ለገጠር ሰው የተጻፈ ነው። ሌላው ልጆች ከአደገኛ ጨዋታ እንዲጠበቁ የሚያስተምር ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ልጁን ሕክምና ለማስተማር ለሚያስብ ወላጅ የተሰጠ ምክር ነው። በ1800 ያወጣው ትንሽ የኬሚስትሪ መጽሐፍ በተደጋጋሚ ታትሟል። እሱ ራሱ በሪህ ሕመም ይሠቃይ ስለነበር በ1805 ስለ ሪህ ጻፈ። በ1812 ደግሞ ከልጁ ከጆን ዊልያም ጋር ሆኖ ትርፍ አንጀቱ ተበስቶ የሞተ የአምስት ዓመት ሕፃን ታሪክ አሳተመ። ይህ በእንግሊዝኛ ስለ ትርፍ አንጀት መበሳት ከተጻፉት ቀደምት ዘገባዎች አንዱ ነው።

የሾርዲች ሰበካ ድሆች ሐኪምም ነበር። ሰበካው ወደ ፋብሪካ በተለማማጅነት የሚልካቸው ወላጅ የሌላቸው ልጆች በምን ሁኔታ እንደሚኖሩ እንዲታይ ተከራክሯል። በድሆች መጠለያው ውስጥም ተላላፊ ትኩሳት የያዛቸው ሰዎች ከሌሎቹ ተለይተው የሚታከሙበት ክፍል እንዲኖር አድርጓል። ዛሬ ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ተላላፊ በሽታን የሚያመጡ ተሕዋስያን ገና ባልታወቁበት ዘመን ግን ትልቅ ማስተዋል ነው።

ሆኖም መልአክ አድርገን ልንስለው አይገባም። ሆክስተን የግል የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ቤቶች የበዙበት ሰፈር ነበር፤ ፓርኪንሰንም ከነዚህ በአንዱ ሐኪም ሆኖ ሠርቷል። አንዲት ሴት ያለ አግባብ ተዘግቶባታል ተብሎ ክስ ሲነሳ፣ በዘመዶቿ ቃል ተማምኖ በቂ ምርመራ ሳያደርግ የምስክር ወረቀት ፈርሟል በሚል በጋዜጦች ተወቀሰ። በ1811 ስለ ጉዳዩ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ ራሱን ከመከላከል አልፎ ሕጉ እንዲሻሻል ሐሳብ የሚያቀርብ ነው።

ድንጋይ የሚናገረው

በሕይወት ሳለ ፓርኪንሰን በይበልጥ የታወቀው በየትኛው ሥራው እንደሆነ ብንጠየቅ መልሱ በሽታው አይደለም። በድንጋይ ነው! ከድንጋይ ውስጥ የሚገኙ የጥንት እንስሳትና ዕፀዋት ቅሪቶችን ይሰበስብ ነበር። በ1804፣ በ1808 እና በ1811 የቀድሞው ዓለም ቅሪቶች የሚል ትርጉም ያለው ባለ ሦስት ቅጽ፣ በቀለም ሥዕሎች ያጌጠ መጽሐፍ አሳተመ። በ1807 ለንደን ውስጥ የሥነ ምድር ማኅበርን ካቋቋሙት 13 ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ፓርኪንሶኒያ የሚባል የጥንት የባሕር እንስሳ ዝርያም በስሙ ተጠርቷል።

የሦስቱ ቅጾች ታሪክ ራሱ ስለ ሰውየው ጠባይ ይነግረናል። ሃይማኖተኛ ሰው ስለነበር ሲጀምር ቅሪቶቹን ከኖኅ የጥፋት ውኃ ጋር ለማገናኘት ሞክሯል። ድንጋዩን እየመረመረ ሲሄድ ግን ንብርብሮቹ በአንድ ጊዜ እንዳልተፈጠሩ፣ ዛሬ የሌሉ ብዙ ፍጥረታት በየዘመኑ ኖረው እንደጠፉ አየ። ሦስተኛው ቅጽ ላይ ሲደርስ የፍጥረት ቀናት የሚባሉት ረጅም ዘመናት ሊሆኑ ይችላሉ ወደሚለው ሐሳብ መጣ። ሃይማኖቱን አልተወም፤ ያየውንም አልካደም። ማስረጃ ሲመጣ ሐሳቡን የሚያስተካክል ሰው ነበር ማለት ነው።

ስድስት ሰዎች

በ1817፣ በ62 ዓመቱ፣ ስለሚያንቀጠቅጥ ሽባነት የተጻፈ ድርሰት የሚል ርዕስ ያላትን 66 ገጽ መጽሐፍ አሳተመ። ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየችው እቺ ናት። በውስጧ ያሉት ሕሙማን ስድስት ብቻ ናቸው። ከስድስቱም ሁለቱን ያገኛቸው መንገድ ላይ ነው። አንዱን ደግሞ ከሩቅ ከማየት በስተቀር አላነጋገረውም። በዛሬ የምርምር ዘዴ ትምህርታችን ይህንን ናሙና ይዘን ብንቀርብ አማካሪዎቻችን ምን ይሉን እንደነበር መገመት አያዳግትም!

የመጀመሪያው ከ50 ዓመት ትንሽ ያለፈው አትክልተኛ ነው። መንቀጥቀጡ በግራ እጁ ጀመረ፤ እሱም ሥራው ያመጣብኝ ነው ብሎ ያስባል። ሁለተኛው መንገድ ላይ የተገኘ የ62 ዓመት ሰው ሲሆን ምክንያቱን ለመጠጥና ለሥርዓት የለሽ ኑሮው ሰጥቷል። ሦስተኛውም መንገድ ላይ የተገኘ፣ 65 ዓመት ገደማ የሆነው መርከበኛ ነው። እሱ ደግሞ በስፔን እስር ቤት እርጥብ መሬት ላይ መተኛቴ ነው ይላል። ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው። ፓርኪንሰን ግን ከየምክንያቱ ይልቅ ሁሉም የሚጋሩትን ነገር ፈለገ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው አምስተኛው ነው። ይህ ሰው ዝግ ብሎ መራመድ አይችልም፤ ወይ ይቆማል ወይ ይሮጣል። ስለዚህ አገልጋዩ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሁለቱን ትከሻዎቹን ይይዝለታል፤ ሰውየውም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ ብሎ እየተወዛወዘ ሚዛኑን ይይዛል። ከዚያ ቃል ይሰጥና ሩጫ ይጀምራል። አገልጋዩ ከፊቱ ዘወር ብሎ አብሮት ይሮጥና 20 እርምጃ ያህል ሲሄድ እንዳይወድቅ ይቀበለዋል። ፓርኪንሰን ይህን ከሩቅ ሆኖ አየ፤ ያየውንም ጻፈ።

ከነዚህ ሰዎች ተነስቶ የበሽታውን መልክ አወጣ። አካሉ ሥራ ላይ ባልሆነበት ጊዜ፣ ተደግፎ እንኳ ሳለ የሚመጣ መንቀጥቀጥ፤ የጡንቻ ጉልበት መቀነስ፤ ወደ ፊት መጉበጥ፤ እርምጃ ሳያስቡት ወደ ሩጫ መለወጥ። ከእሱ በፊት የነበሩ ሐኪሞች መንቀጥቀጡንም ሩጫውንም ለየብቻ ጽፈዋል። ሁለቱ የአንድ በሽታ ሁለት ገጽታዎች መሆናቸውን፣ በሽታውም ከዓመት ወደ ዓመት ቀስ እያለ የሚገፋ መሆኑን ግልጽ ያደረገው ግን እሱ ነው። ስለ አእምሮና ስለ ስሜት ሕዋሳት ሲደርስ ደግሞ ምንም እንደማይነኩ ደመደመ። ይህን አረፍተ ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

ስድስተኛው ሕመምተኛ የ72 ዓመት ሰው ነው። ፓርኪንሰን ስለሱ የጻፈው አንድ ነገር ለዛሬው ርዕሳችን ቁልፍ ነው። ይህ ሰው ሲንቀጠቀጥ ኖሮ በመሐል ቀኝ ጎኑ በድንገት ሽባ ሆነ። ዛሬ ስትሮክ የምንለው ነው። ቀኝ እጁና እግሩ ሽባ ሆነው በቆዩበት ጊዜ መንቀጥቀጡ ከዚያ ጎን ጠፋ። ጉልበቱ ሲመለስለት መንቀጥቀጡም አብሮ ተመለሰ። አስቡት እንግዲህ፤ አንጎል ላይ የደረሰ አንድ ጉዳት ሌላውን ችግር ያስቆማል! ፓርኪንሰን የዚህን ትርጉም ሊያውቅ አይችልም ነበር። ነገር ግን አልዘለለውም።

ምክንያቱን በተመለከተ ችግሩ ያለው የጀርባ አጥንት ሠረሰር ላይኛው ክፍል፣ አንገት አካባቢ ነው ብሎ ገመተ። ስለሆነም ያቀረበው ሕክምና ከአንገት ላይ ደም ማውጣትና ቆዳን አቁስሎ መግል እንዲወጣ ማድረግ ነው። ግምቱም ሕክምናውም ትክክል አልነበሩም። አስከሬን መርምሮ ለማረጋገጥ ዕድል አለማግኘቱን ግን ራሱ ገልጾ፣ አናቶሚ አዋቂዎች ከሱ ቀጥለው እንዲመረምሩ ተማጽኗል።

ከሞት በኋላ የመጣ ስም

በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት የለንደን ቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የመጀመሪያውን የክብር የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠው። በዲሴምበር 1824 ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፤ ንግግሩም ተያዘ። ዲሴምበር 21 ቀን በ69 ዓመቱ አረፈ። በተጠመቀበትና በተዳረበት በቅዱስ ሊዮናርድ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። መልኩን የሚያሳይ የተረጋገጠ ሥዕል አልተረፈም። በየቦታው የእሱ ነው ተብሎ የሚታይ ፎቶግራፍ ካጋጠማችሁ የሌላ ሰው ነው፤ ፎቶግራፍ ለሕዝብ የተዋወቀው እሱ ከሞተ ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ ነውና።

ነቢይ በአገሩ አይከበርም እንደሚባለው ድርሰቱን ወደ ብርሃን ያወጣው የአገሩ ሰው ሳይሆን ፈረንሳዊ ነው። ፓሪስ በሚገኘው ሳልፔትሪየር ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ዣን ማርቲን ሻርኮ ከ1860ዎቹ ጀምሮ በሽታውን በጥልቀት አጠና። የሰውነት መገተርን ለይቶ ጨመረ፤ ሁሉም ሕመምተኛ እንደማይንቀጠቀጥ፣ ጉልበቱም በእርግጥ እንደማያንስ አሳየ። ስለዚህ የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት የሚለው ስም ትክክል አይደለምና የፓርኪንሰን በሽታ ይባል አለ።

ፓርኪንሰን የተማጸነው የአስከሬን ምርመራም ዘግይቶ ደረሰ። በ1919 ኮንስታንቲን ትሬቲያኮፍ በመካከለኛው አንጎል ውስጥ ሳብስታንሺያ ናይግራ የሚባለው ጥቁር ክፍል በበሽታው እንደሚጎዳ አሳየ። በ1960 ቪየና ውስጥ ኦሌ ሆርኒኪዬቪች ከባልደረባው ጋር ሆኖ በሕመምተኞቹ አንጎል ዶፓሚን በጣም አንሶ አገኘ። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ ሌቮዶፓ የተባለውን መድኃኒት መጠኑን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረገ በመስጠት ትልቅ ውጤት እንደሚገኝ አሳየ። ድርሰቱ ከታተመ ልክ 150 ዓመት መሆኑ ነው።

ኤሌክትሪክ ወደ አንጎል

ሌቮዶፓ ተአምር ቢመስልም ከዓመታት በኋላ ችግር ያመጣል። መድኃኒቱ ሲሠራ ሰውነት ያለ ፈቃድ ይወራጫል፤ ሲያልቅ ደግሞ ይቆለፋል። የስድስተኛው ሕመምተኛ ነገር ደግሞ ከሌቮዶፓ ቀደም ብሎ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቶ ነበር። በ1952 አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ኧርቪንግ ኩፐር በቀዶ ሕክምና መሐል አንድ የአንጎል ደም ሥር ሳያስበው ተቆርጦበት አስሮ ለማቆም ተገደደ። ሕመምተኛው ሲነቃ መንቀጥቀጡ ጠፍቶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች የአንጎልን ትንሽ ቦታ ሆን ብለው በመጉዳት መንቀጥቀጥን ማከም አስፋፉ። ችግሩ የተቃጠለ ቦታ አይመለስም።

በ1987 ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ከተማ ውስጥ አሊም ሉዊ ቤናቢድና ባልደረቦቹ ሌላ መንገድ አገኙ። የሚቃጠለውን ቦታ ለመለየት ቀድሞም ኤሌክትሪክ ይሰጥ ነበር። በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ ሲሰጥ ግን መንቀጥቀጡ ወዲያው ይቆማል። ታዲያ ሳያቃጥሉ ኤሌክትሪኩን እዚያው ማኖር ቢቻልስ? በ1990 ደግሞ ማህሎን ዲሎንግና ባልደረቦቹ ሳብታላሚክ ኒውክሊየስ የሚባለውን፣ ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ የአንጎል ክፍል በጦጣዎች ላይ ሲያጠኑ፣ ይህ ክፍል ሲጎዳ የበሽታው ምልክቶች እንደሚቀንሱ አሳዩ። በ1993 የግሬኖብል ቡድን ኤሌክትሮዱን በሰው ላይ እዚያ አስገባ።

አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቀጭን ሽቦ በራስ ቅል ቀዳዳ በኩል እስከ ታለመው ቦታ ይገባል። ሽቦው በቆዳ ሥር ወርዶ ደረት ላይ ከተቀበረ ባትሪ ጋር ይገናኛል። ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 130 ጊዜ ገደማ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። መጠኑ ከውጭ ሊስተካከል፣ ሊጠፋም ይችላል። በሽታውን አያድንም፤ መግፋቱንም እንደሚያቆም አልተረጋገጠም። ነገር ግን ጽዋ ይዞ መጠጣት ያቃተው ሰው ጽዋውን እንዲያነሳ ያደርጋል። በ2014 ቤናቢድና ዲሎንግ ለዚህ ሥራ የላስከር ሽልማት ተሰጣቸው።

ሳያየው ያለፈው

አሁን ወደዚያች አረፍተ ነገር እንመለስ። አእምሮ አይነካም ብሎ ነበር ፓርኪንሰን። መንገድ ላይ ካገኘኸው ሰው ጋር ቆመህ ብታወራ በእርግጥ ይህንኑ ነው የምትለው። ሰውየው ያስታውሳል፣ ይመልሳል፣ ይቀልዳል። ዛሬ ግን በበሽታው ዘመን ብዛት የማሰብ ችሎታ ሊዳከም እንደሚችል ይታወቃል። ገና ሳይዳከም እንኳ አንድ የመማር ዓይነት ቀድሞ ይጎዳል።

በ1996 ባርባራ ኖልተን፣ ጄኒፈር ማንግልስና ላሪ ስኳየር አንድ ሙከራ አሳተሙ። ተሳታፊው ሥዕል ያለባቸው ካርዶች ይታዩታል፤ ፀሐይ ይሆናል ወይስ ዝናብ ብሎ ይገምታል፤ ከዚያ ትክክል መሆኑና አለመሆኑ ይነገረዋል። ካርዶቹ የሚያመለክቱት አንዳንዴ ብቻ እውነት ስለሚሆን ሕጉን በቃል መያዝ አይቻልም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ዓይነት፣ ከግብረ መልስ እየተለቀመ የሚመጣ ትምህርት ነው። የማስታወስ ችሎታቸውን ያጡ ሕሙማን ሥራውን ተማሩት፤ ስለ ልምምዱ ሲጠየቁ ግን አያስታውሱም። የፓርኪንሰን ሕሙማን በተቃራኒው ልምምዱን ያስታውሳሉ፤ ሥራውን ግን አልተማሩትም። ስለዚህ መማር አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በዶፓሚን የሚመገበው የአንጎል ክፍል ለመንቀሳቀስ ብቻ ሳይሆን ልማድ ለማውጣትም ያስፈልጋል ማለት ነው።

በ2004 ማይክል ፍራንክና ባልደረቦቹ ነገሩን ወደ ሽልማትና ቅጣት ወሰዱት። መድኃኒት ያልወሰዱ ሕሙማን ከስህተታቸው በተሻለ ይማራሉ። መድኃኒት ሲወስዱ ደግሞ ከስኬታቸው በተሻለ ይማራሉ። ያው ሰው፣ ያው አንጎል፣ የሚማርበት በር ግን እንደ ዶፓሚኑ መጠን ይለዋወጣል! ዶፓሚንን የሚመስሉ አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎች ቁማር ውስጥ የሚገቡበትን ምክንያት ለመረዳት ይህ ግኝት ፍንጭ ሰጥቷል። ኪሳራው አያስተምራቸውማ።

በአንጎል ውስጥ የሚሰጠው ኤሌክትሪክስ? በ2007 ይኸው ቡድን ያሳተመው ጥናት መልሱ የተለየ መሆኑን አሳየ። መድኃኒቱ ከስህተት መማርን ሲያዳክም፣ የሳብታላሚክ ኒውክሊየስ ኤሌክትሪክ ግን ይህንን አልነካም። የነካው ሌላ ነገር ነው። ጤነኛ ሰው ሁለት ተቀራራቢ ምርጫዎች ሲገጥሙት ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ቆም ብሎ ያስባል። ኤሌክትሪኩ ሲበራላቸው ሕሙማኑ በዚህ ዓይነት ከባድ ምርጫ ላይ አልዘገዩም፤ እንዲያውም ፈጠኑ። ከዚህ ጥናት እንደምንረዳው ያ ትንሽ ክፍል ቆይ፣ አትቸኩል የሚል ፍሬን ነው። እጅን የሚቆልፈውን ፍሬን ስንለቅ የምርጫውም ፍሬን አብሮ ሊላላ ይችላል። ከዚህ ሌላ ከሕክምናው በኋላ ቃላትን በፍጥነት የመጥራት ችሎታ መጠነኛ ቅናሽ እንደሚያሳይ በብዙ ጥናቶች ታይቷል።

ይህ ማለት ሕክምናው ይቅር ማለት አይደለም። ለብዙዎች የጠፋ ኑሮ መልሷል። ነገር ግን የሕክምናው ውጤት የእጅን መንቀጥቀጥ በመለካት ብቻ ሊመዘን አይገባም። ሰውየው እንዴት ይማራል? ከኪሳራው ይመለሳል ወይ? ከመወሰኑ በፊት ቆም ይላል ወይ? እነዚህ የሥነ ልቦና ጥያቄዎች ናቸው፤ ስለዚህ የእኛም ትምህርት ክፍል ጥያቄዎች ናቸው።

ማጠቃለያ

የፓርኪንሰን ልደት ኤፕሪል 11 በየዓመቱ የዓለም የፓርኪንሰን ቀን ሆኖ ይታሰባል። የሕይወቱን ታሪክ ስናጤን ትልቁ ሀብቱ መሣሪያ አልነበረም። ቤተ ሙከራ አልነበረውም፤ ዩኒቨርሲቲም አልገባም። የነበረው ትዕግሥት ያለው ዓይንና ሌላው ሰው እንደ ተራ እርጅና የሚያልፈውን ነገር ቆሞ የመጠየቅ ልማድ ነው። ስለ ምክንያቱ ተሳሳተ፤ ስለ ሕክምናው ተሳሳተ፤ ስለ አእምሮውም ሙሉ በሙሉ ትክክል አልነበረም። ያየው ግን ከ200 ዓመት በላይ አልፎት እንኳ በአብዛኛው እንደ ቆመ ነው።

ሳያየው ያለፈው ነገር ደግሞ በመንገድ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። እጅ ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታያል፤ ሰው ከስህተቱ መማር ሲያቅተው ግን ከሩቅ አይታይም። ያንን ለማየት አራት ካርዶችና በትዕግሥት የተነደፈ ሙከራ ያስፈልጋል። ፓርኪንሰን የቀረውን ለሚቀጥሉት ሰዎች ትቶ ነው ያለፈው። ከሚቀጥሉት ሰዎች መካከል ደግሞ የእኛም ክፍል ተማሪዎች ሊገኙ ይችላሉ።